ባልና ሚስት በአንድ ጀልባ

ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ የገጠመን ነገር ነው። ስለ አገራችን ሐይቆች እየተማርን ሳለ መምህራችን «ከእናንተ መሀል በሞተር ጀልባ የሄደ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁለት እጅ ብቻ ተነሳ። መምህሩ ደስ ብሏቸው «የት ነው? ጣና? ሐዋሳ?» ሲሉ አንደኛው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኦቦክ» አለ። ሁለተኛውም «እኔም» ብሎ እጁን አወረደ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ትንሽ ቆም ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፣ እኛም መጻፋችንን ቀጠልን።

እኔ እጄን አላነሳሁም፤ እስካሁን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ነገር ግን ሁለቱንም ዓይነት ጀልባ የሚያውቅ ሰው በቤታችን አለ። እሱም የታላቅ እህቴ ባል ነው። እህቴና ባሏ አንድ ጊዜ ጣና ላይ በጀልባ ስለተጓዙ በሰፈራችን እስከ ዛሬ ድረስ «ብራቸውን ውኃ ላይ የበተኑ» እየተባሉ ይታማሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ያ ጉዞ ብክነት አልነበረም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የተጋቡት በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። እሱ እዚሁ ከሚሴ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ እሷ ልብስ ትሰፋለች። ሠርጉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለጫጉላችን ባሕር ዳር ሄደን ጣናን በጀልባ እንዞራለን አሉ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ጀልባ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ጀበናውን መሬት አስቀምጣ «ያ አላህ! ምን አጎደልንባችሁ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። የሌላ አገር ሰው ቢያይ ሊስቅ ይችላል። የከሚሴ ሰው ግን አይስቅም። በእኛ አካባቢ «በባሕር ሄደ» ከተባለ የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። ጀልባ ማለት ልጅ ሳይሰናበት በሌሊት መጥፋቱ፣ ከዚያ በኋላም ስልክ ይጮህ ይሆን እያሉ ማደር ነው። ጣና ሐይቅ እንደሆነ፣ ጠዋት ሄደው ከሰዓት በኋላ እንደሚመለሱ እናቴን ለማሳመን እህቴ ሁለት ቀን ፈጀባት። አጎታችን ደግሞ የተቆጣው ስለ ውኃው ሳይሆን ስለ ብሩ ነበር። «በዚህ ብር እኮ ጥጃ ይገዛበታል!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመ።

የሆነ ሆኖ ሄዱ። ደሴ አድረው፣ በወልድያና በደብረ ታቦር አድርገው ባሕር ዳር ገቡ። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ሐይቁ ዳር ደረሱ። የጀልባው ነጂ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ስለሚመጣ ቶሎ ወጥተን ቶሎ እንመለስ አሏቸው። ከዚያም ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አውጥተው ሰጧቸው። እህቴ ከጅልባቧ በላይ መልበሱ አሳፍሯት በእጇ ብትይዘው «ልጄ፣ እሱ ካልታሰረ ይሄ ሞተር አይነሳም» አሏት። (ቤት ውስጥ «በጀልባ ላይ ጅልባብ፣ በጅልባብ ላይ ጃኬት» የሚል ቀልድ የተፈጠረው ያኔ ነው።) አማቻችን ሙያው ነውና ዓይኑ ከሞተሩ አልተነቀለም። ስንት ሊትር ይፈጃል? ቢጠፋ በምን ይመለሳል? ሽማግሌው ሳይሰለቹ መለሱለት፤ ውኃው ሲረጋም ለጥቂት ደቂቃ መሪውን ሰጡት። ባጃጅ መስሎት መሀል ሐይቅ ላይ በክብ እንዳዞራት እህቴ ሳትስቅ አትናገርም።

ክብራን ገብርኤል ደሴት ሲደርሱ ሽማግሌው «እዚህ ሴት አትወጣም፤ ገዳሙ የወንድ ነው። አንተ ወጥተህ ማየት ትችላለህ፣ እሷ ጀልባው ላይ ትጠብቅህ» አሉ። እሱም «እሷን ውኃ ላይ ትቼማ አልወርድም» ብሎ ቁጭ አለ። ሽማግሌው አጠገቡ ያለችው እንጦስ ደሴት ለሁለቱም እንደምትፈቀድ ነግረዋቸው ነበር፤ ግን የተከራዩት ሰዓት እያለቀ ስለሆነ ዘጌ ይሻለናል ብለው አለፏት። ዘጌ ላይ ጫካ ውስጥ የሚበቅለውን ቡና አይተዋል፤ ለእናቴም ትንሽ ይዘውላት መጥተዋል። ሲመለሱ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ማገዶ የጫነ ሰው በአጠገባቸው አለፈ። ሽማግሌው ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች እንደ እናንተው እስላሞች ናቸው ሲሏቸው በጣም ገረማቸው። እውነት ለመናገር እኔም እስከዚያ ድረስ ስለ ወይጦ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ የጉማሬ ጀርባ አዩ። እህቴ ድንጋይ መስሏት ነበር።

በቃ፣ ጉዞው ይኸው ነው። ግማሽ ቀን በጀልባ! ለዚህ ነው ሰባት ዓመት ሙሉ የሚታሙት።

አሁን ወደ ሌላው ጀልባ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ከተማው ሲረጋጋ ባጃጇ አልነበረችም። አማቻችን አንድ ዓመት የቀን ሥራ ሠራ። በ2015 ዓ.ም. ደላላ አገኘ። ብሩ የመጣው ከሁለት በሬ ነው። በሬዎቹን ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ነድቶ የሸጣቸው ማን ይመስላችኋል? ያው ስለ ጥጃዋ ሳምንት ሙሉ ያጉረመረመው አጎታችን ነው! ያን ቀን ግን «ብክነት» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ዱዓ አደረገ። እኔም ቡና አቀራርቤያለሁ፤ ስለዚህ ከወቀሳው ራሴን አላወጣም።

በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ገባ። የሚገርመው ይኸው መንገድ ነው ድሮ ወደ አሰብ ይወስድ የነበረው፤ ሽማግሌዎቻችን ወደብ ላይ ሠርተው ለመመለስ በመኪና የሚመላለሱበት፣ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ። ከኦቦክ የተነሱት በሌሊት ነው። አማቻችን ከሳውዲ ሲደውል ስለዚያ ሌሊት ብዙ አያወራም፤ ያወራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላይፍ ጃኬት የሚባል አልነበረም። ጉልበታቸውን አጥፈው አንዱ ባንዱ እግር መሀል ተቀመጡ፣ የቆጠራቸውም የለም። «ሞተሩን ሳየው ያው የጣናው ዓይነት ነው። እሱን እያየሁ ነው ያደርኩት» አለ። እህቴ ስልኩን ለእናቴ ሰጥታ ወጣች።

እኛ የጂኦግራፊ ሰዎች ነንና ካርታውን እንይ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ግን ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ወገኖቻችንን የሚያስጨርሰው እንግዲህ የውኃው ርቀት ብቻ አይደለም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጅቡቲ 310 ሰው ጭነው ከተነሱት ሁለት ጀልባዎች ተሳፋሪዎቹ ዳርቻው ሳይደርሱ ውኃ ውስጥ ዝለሉ ተብለው ቢያንስ 45 ሰው ሞቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ አብያን በሚባለው የየመን ግዛት አጠገብ አንድ ጀልባ ተገልብጦ ከ60 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ሰሞን ከሚሴ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ይደነግጥ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ አማችህ ላይፍ ጃኬት ምን እንደሆነ እያወቀ አይደል የሄደው? ጣናን ማየቱ ምን ጠቀመው?» አለኝ። ልክ ነው። ማወቁ አላስቀረውም። ሰው የሚሄደው ባጃጁ ስለሌለ እንጂ ጀልባ ስለማያውቅ አይደለም። ጣናን ያየ አይሰደድም ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የምትስቅብኝ እህቴ ነች። የእኔ ክርክር በሒሳባችን ላይ ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው አገራቸውን ያዩበት የጥጃ ዋጋ «ተበተነ» ይባላል፤ ባልና ሚስትን ለሚለያይ፣ ምናልባትም ለማይመልስ ጀልባ የሚከፈል የሁለት በሬ ዋጋ ግን «ሥራ ላይ ዋለ» ይባላል። ይህ ሒሳብ በምን ትምህርት ነው የሚሠራው? በእኛ ቀበሌ ባሏ ጂዳ ሆኖ፣ ወይም ሚስቱ ሪያድ ሆና በስልክ ብቻ የሚኖር ስንት ትዳር እንዳለ ሁላችንም ሰፈራችንን መቁጠር እንችላለን። እህቴ እንደምትለው ከባሏ ጋር ያለ ሐሳብ የተቀመጠችበት ሙሉ ቀን ቢኖር የጣናው ቀን ነው። እና እሱን ነው ብክነት የምንላት?

አንድ ሐሳብ ለትምህርት ክፍላችን ላቅርብ። ነገ ወጥተን ስለ ሐይቅ የምናስተምር ሰዎች ሐይቅ ሳናይ መመረቃችን ያሳፍራል። የሐይቅ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ጣና ግን ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ ዳር ቆሞ ማየት አይሻልም? ሰላሙ ሲፈቅድ መኪናውን ኮሌጁ፣ ምሳውን እኛ ብንችል ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይበቃል። ጀልባ ከተገኘም ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም መድረሱን አስቀድመን እንጠይቅ። ያገቡ ተማሪዎች ደግሞ ባል ወይም ሚስት ይዘው እንዲመጡ ይፈቀድላቸው። አንዳንድ መምህራን ይህችን የመጨረሻዋን እንደ ቀልድ እንዳይወስዷት እለምናለሁ። ኦቦክ ያሉት ሁለቱ ልጆች መምጣት ባይፈልጉም ይገባኛል።

አማቻችን ባለፈው ዓርብ ደውሎ ነበር። ወረቀት ስለሌለው ከሚሠራበት ግቢ ብዙ አይወጣም። ከእህቴ ጋር ስለ ብር፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት ካወሩ በኋላ ድንገት «ያ ሽማግሌ አሁንም ይነዳ ይሆን?» ብሎ ጠየቃት። እሷም እኔ በምን አውቃለሁ አለችው። «ስመጣ እንሄዳለን፣ እንጦስ ቀርታናለች» አላት።