ሳይመረመር የሚፈረድበት ኮምፒውተር

ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ወጣት የሚሰማውን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ አዲሱን ዊንዶውስ አይችልም። ሊኑክስ ብትጭንበት ደግሞ ኔት አይገባልህም። ለመለዋወጫ ብትሸጠው ይሻልሃል።» ይህን የሚለው ባለሙያ ክዳኑን አልፈታም፤ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ የማን ሥራ እንደሆነም አላየም። ገልብጦ ሞዴሉን አነበበና ፈረደ።

ይህ ፍርድ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ ያስከፍላል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ለተከመሩት ደህና ማሽኖች የቀራቸው መንገድ እንደ ሊኑክስ ያለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። ያንን መንገድ «ኔት አይገባም» ብሎ መዝጋት ማሽኑን በቁሙ መቅበር ነው።

አባባሉም ውሸት ነው። በኬብል የሚሠሩት የሪልቴክና የኢንቴል ካርዶች ገና ሲነሡ ሊኑክስ ያውቃቸዋል፤ ድራይቨራቸው የሊኑክስ እምብርት ከሆነው ከርነል ጋር አብሮ ይመጣል። ችግሩ ያለው ዋይፋይ ላይ፣ እሱም በጥቂት አምራቾች ካርድ ላይ ነው። አብዛኛው የዋይፋይ ካርድ የራሱ ትንሽ አንጎል አለው፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም ካልተጫነለት አይንቀሳቀስም። ድራይቨሩን በጎ ፈቃደኞች ሊጽፉት ይችላሉ፤ ፈርምዌሩ ግን የአምራቹ ንብረት ነው። አምራቹ «አታከፋፍሉት» ካለ ማንም በሲዲም በፍላሽም አብሮ ሊያድለው አይችልም።

ብሮድኮም ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። የድሮ ካርዶቹን አሠራር ስላልገለጸ አንዱ ቡድን የኩባንያውን ፕሮግራም በታትኖ አሠራሩን በጽሑፍ አሰፈረ፤ ዋናውን ፕሮግራም ያላየ ሌላ ቡድን ደግሞ በዚያ ጽሑፍ ብቻ ድራይቨር ሠራ። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ ገባ። ኩባንያው በ2010 እ.ኤ.አ. ክፍት ድራይቨር ቢያወጣም ለአዳዲሶቹ ቺፖች እንጂ ለነባሮቹ አልነበረም። በእርዳታ የሚመጡልን ማሽኖች ውስጥ ያሉት ደግሞ ነባሮቹ ናቸው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ለእነሱ ያዘጋጀው ጥቅል ዛሬም ፈርምዌሩን አልያዘም፤ ሲጫን ከኢንተርኔት ፈልጎ ያመጣዋል። ኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኔት ይኑርህ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ወገን፣ የክፍት ምንጭ ወዳጆችን፣ መውቀስ አለብኝ። ዴቢያን ማከፋፈል የሚፈቀደውን ፈርምዌር እንኳ ነፃ አይደለም ብሎ ከይፋዊ መጫኛው ውጭ ለዓመታት አቆይቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድምፅ ተሰጥቶበት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ12ኛው እትም ጋር ገባ። መርሁን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የመርሁን ዕዳ የከፈለው ሁለት ኮምፒውተርና የቤት መስመር ያለው ሰው አይደለም፤ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ያለው ነው። «ከሌላ ኮምፒውተር አውርደህ በፍላሽ አምጣ» የሚለው ምክር ሌላ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ምክር አይደለም።

መፍትሔው ግን በየኪሳችን አለ። የአንድሮይድ ስልክ በኬብል ሲሰካና የዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋሪያው ሲከፈት፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ተራ የኬብል ካርድ ያየዋል፤ ምንም ፈርምዌር አይጠይቅም። አንድ ተማሪ «ለመለዋወጫ ሽጠው» የተባለ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ውስጥ ያሉትን ካርዶች የምትዘረዝረዋን ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ (lspci) የምትባል ትእዛዝ ስጽፍ ካርዱ የብሮድኮም ሆኖ ተገኘ። የራሱን ስልክ ሰክተን፣ ከሞባይል ፓኬጁ ጥቂት ሜጋባይት ወስደን ጥቅሉን ጫንን፤ ማሽኑን አጥፍተን ስናስነሣው የዋይፋዮቹ ስም ተደርድሮ መጣ። ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን ያይ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ስንቶቹ ሸጠው እንደሄዱ አስብ ነበር።

ካርዱን በሌላ እንቀይር ሲባል እንቢ የሚል ማሽን የለም አልልም። አንዳንድ የቆዩ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ውስጥ አምራቹ ያልፈቀደው የዋይፋይ ካርድ ሲገባ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር አሳይተው አንነሣም ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ከውጭ የሚሰካ የዩኤስቢ ዋይፋይ መግዛት ነው፤ ከተቻለ የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ያለበትን፤ የእሱ ፈርምዌር ሳይቀር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው።

ስለዚህ ከጥገና ባለሙያው የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ከመፍረዱ በፊት የካርዱን መለያ ቁጥር ያንብብ። 8086 ብሎ ከጀመረ ኢንቴል ነው፤ አዲሱ የዴቢያን መጫኛ ብዙውን ጊዜ ያለ ጭንቅ ይቀበለዋል። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎችም «ኔትወርክ አይሠራም» የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ያቺ ቁጥር ወረቀቱ ላይ መስፈሯን ይመልከቱ።