ቀሪ ሂሳብ

ዛሬ አንዲት አንባቢያችን የላከችልኝን ደብዳቤ ይዤ ቀርቤያለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ ጉዳዩ ግን የብዙዎቻችን ስለሆነ ላካፍላችሁ ብያለሁ።

ልጅቱ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። እጮኛዋ ባንክ ቤት ይሠራ ነበር። ከዓመት በፊት ደመወዙን ጥሎ ወጣና አሁን ለሱቆችና ለትናንሽ ድርጅቶች በኮንትራት ሂሳብ ይሠራል። አንዳንድ ወር የባንኩን ደመወዝ እጥፍ ያገኛል፤ አንዳንድ ወር ደግሞ የታክሲ የምትሰጠው እሷ ናት። አባቷ ታዲያ «ሥራ ፈት ሽማግሌ እንዳይልክብኝ!» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። «እወደዋለሁ፤ ግን ፈራሁ። ምን ትመክረኛለህ?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ለምን ብትይ፣ በአባትሽ አቆጣጠር እኔም ሥራ ፈት ነኛ! እንጀራዬ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ነው። በ2009 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤት ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሰጠኝ ሰው የለም።

የወጣሁት አለቃዬ አንገሽግሾኝ ነው። በአንድ አለቃ ፋንታ ሃያ አለቃ እንደምገዛ ግን የነገረኝ አልነበረም። የሙሽራው እናት አለቃ ናቸው፤ የሙሽሪት እህት አለቃ ናት፤ ዋናው ሚዜማ ሞቅ ሲለው ከሁሉም በላይ ነው! ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የተነሳሁ፣ እሁድ የመልሱ ፕሮግራም እስኪያልቅ ወገቤን አላሳርፍም። ምግብ የሚቀርብልኝም ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ተቀጣሪ ሳለሁ ዋጋቸውን የማላውቅ ነገሮች ነበሩ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን እረፍት አለው። ሲታመምም የሕመም ፈቃድ አለው። በግል ድርጅት የተቀጠረ ከሆነ ለጡረታው እሱ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። እንደ እኔና እንደ እጮኛሽ በራሱ ኃላፊነት በዋጋ ተስማምቶ የሚሠራ ሰው ግን ያ አዋጅ አይመለከተውም። እኛን የሚገዛን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ ፈቃድ የምጠይቀው ራሴን ነው፤ ራሴም አይፈቅድልኝም!

ደግሞ የወቅቱ ነገር አለ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ መተንፈሻ የለኝም። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል… 55 ቀን ጭር! ፋሲካ አልፎ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ እንደገና እሮጣለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ካሜራዬን እወለውላለሁ። አከራዬ ግን የጾምና የፍስክ ኪራይ ለይተው አያውቁም።

እስካሁን የነገርኩሽ ግን ሁሉ ይቻላል። የማይቻለውን ልንገርሽ። አንድ ሙሽራ ነበር። ጥቂት ቀብድ ሰጠኝና ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ቀሪውን ከሰርጉ በኋላ፤ በእኛ መሃል ምን አለ!» አለኝ። በእኛ መሃል 30 ሺህ ብር ነበር። ሰርጉ አለፈ። ጫጉላ ላይ ያለን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ወር ቆይቼ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለኝ። ሌላ ወር ቆየሁ። በሦስተኛው ወር ስደውል ባልና ሚስት ተጣልተዋል! እሱ «አልበሙን ለእሷ ስጣትና እሷው ትክፈልህ» አለኝ። እሷ ደግሞ «ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ፣ ጭራሽ ከፍዬ ልየው?» አለችኝ። አልበሙ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ያኔ የሁለት ወር ኪራይ ነበረብኝ። ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ልመለስ ማመልከቻ ጽፌ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና «አንተን ያስራበህ የሰው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታህ ነው» አለችኝ። «ሦስት ወር ሙሉ ስንቴ ደወልክ? ሁለቴ! የሠራህበትን መጠየቅ የሚያሳፍርህ ከሆነ፣ እውነትህን ነው፣ ተመልሰህ ግባ።» ነገሩ አንጀቴ ውስጥ ገባ። ማመልከቻውንም ሳላስገባ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዤ ነው የምሄደው። ሕጉ የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ይጸናል ይላል፤ ጠብ ሲመጣ ግን ቃልን ማን ያስረዳል? አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደምሠራ፣ መቼ እንደማስረክብ፣ ስንት እንደምቀበል። ሲሦው በቀብድ፣ ሲሦው በሰርጉ ሳምንት፣ የቀረው አልበሙ ሲወጣ። አልተከፈለም? አልበም የለም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የገረመኝ ነገር፣ በዚህ የተቀየመኝ ሰው ከጣት ቁጥር አያልፍም። የተቀየሙኝም ቢሆኑ ቀድሞም ሊከፍሉ ያላሰቡ ናቸው።

ይህ ነገር ታዲያ ወደ እኔም ይዞራል። ሌላ ውል ካልተደረገ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ የተሻለ ክፍያ አግኝቼ የመጀመሪያዋን ሙሽራ ልተዋት ዳድቶኝ ነበር። እግዜር አተረፈኝ።

የባሰው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መጣ። ከፋሲካ በኋላ ላሉ አምስት ሰርጎች ቀብድ ተቀብዬ አዲስ ሌንስ ገዝቼበታለሁ። መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከአራት ሰው ጋር ምን ሰርግ አለ? ሙሽሮቹ ይደውሉ ጀመር። ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ አሰብኩ፤ ያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ያለኝ ሙሽራ ትዝ አለኝና አነሳሁት። «ብሩ በእጄ የለም፤ በየወሩ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ሌንሱን ሸጥኩ፤ የቀረውን እየቆጠብኩ በ2013 ከፍዬ ጨረስኩ። ከአምስቱ ሦስቱ ኋላ ሲጋቡ እኔኑ ጠሩኝ። ከእነሱ የመጣልኝ ደንበኛ እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ መከራ ለምን ትችለዋለህ?» ትይኝ ይሆናል። እናቴ ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ ሁዳዴ ነበርና፣ ማንንም ሳላስፈቅድ አርባ ቀን አስታመምኳቸው። ልጄን ጧት ጧት ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ሥራው ሲበላሽ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለኝም፤ ሲያምር ደግሞ አመስጋኞቹ አለቃዬን ሳይሆን እኔን ነው የሚፈልጉት። ያልወደድኩትን ሥራ «አይመቸኝም» ማለትም ተምሬያለሁ። ይህ ደመወዝ አይሆንም፤ ግን ዋጋ አለው።

እንግዲህ እህቴ፣ ወዳንቺ ልመለስ። እጮኛሽን «በወር ስንት ታገኛለህ?» አትበይው። እንዲህ ጠይቂው፦ «ያልከፈለህ ማነው? መቼ ጠየቅከው? አንተስ የማን ዕዳ አለብህ?» ደብተሩን አውጥቶ ካሳየሽ አትፍሪ። በደጉ ወር ለክፉው ወር የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ዕቁብም ቢገባ፣ ከአንዳንድ ደመወዝተኛ ይሻላል። «ተይው፣ ይሰጡኛል» እያለ የሚያድበሰብስ ከሆነ ግን የጎደለው ሥራ ሳይሆን አንደበት ነውና፣ ከሰርጉ በፊት ይማር። የሰው ሂሳብ እየሠራ የራሱን ካልሠራ ምኑን ሂሳብ አዋቂ ሆነ!

አባትሽንም አትቆጪያቸው። ለልጃቸው የሚፈሩላት ጾሙን ወር ነው። ልጁ ራሱ ደብተሩን ይዞ ቢቀርባቸው ከብዙ ሽማግሌ ይበልጥ ያሳምናቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

ታዲያ ቀኑ ሲቆረጥ ካሜራማን ከፈለጋችሁ አለሁ። ቀብድ ግን አስቀድማችሁ ነው!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።