ያረጀው ክዳኑ እንጂ ቤቱ አይደለም

ላሊበላን የጎበኘ ሰው ሁለት ዓይነት የግንባታ ጥበብ ያያል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዐለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የታነጸ በመሆኑ ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳውም ከመሠረቱ አይነጠልም። በአካባቢው የሚገኙት ክብ የላስታ ቤቶች ግን ከቀይ ድንጋይ የተካቡ ናቸው፤ የሣር ክዳናቸው ሲያረጅ ክዳኑ ይለወጣል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችም በዚህ ዓይን ሊታዩ ይችላሉ። ብዙዎቻችን የለመድነው ዊንዶውስ ለተጠቃሚው እንደ ወጥ ዐለት ነው። ሊነክስና ሌሎቹ የዩኒክስ ቤተሰቦች ግን ንብብር ናቸው። ከሥር ሜሞሪንና ዲስክን የሚያስተዳድረው ከርነል አለ፤ በላዩ ምስልን ወደ ስክሪን የሚያደርሰው ክፍል ያርፋል፤ ከሁሉም በላይ መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የያዘው ዴስክቶፕ ይከደናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ኬዲኢ፣ በ1997 የተከተለው ግኖም፣ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢም ለአንድ ቤት የተዘጋጁ ልዩ ልዩ ክዳኖች ናቸው።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በመሆኑም በላስታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ በየትምህርት ቤቱ ገና የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች «አርጅተዋል» ተብለው ወደ መጋዘን ሊገቡ ይችላሉ። ይህ በእኛ አስተያየት ብክነት ነው።

ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ዓይነት ከነዴስክቶፑ በ1 ጊጋባይት ሜሞሪ ሊጫን ይችላል፤ 2 ጊጋባይት ቢኖር ግን ይመረጣል። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ፋይሎችንም በሌላ ቦታ መገልበጥ ተገቢ ነው። የመጀመሪያውን ዲቪዲ ቅጂ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ተማሪ፣ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥ መጫን ይችላል። ሶፍትዌር በሚመረጥበት ደረጃ ላይ ኤክስኤፍሲኢን ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላሉ አማርኛ መጻፍም አያስቸግርም። የደኅንነት ማሻሻያዎችን ግን በየጊዜው ማምጣት ያስፈልጋል።

«ተማሪው በሥራ ዓለም የሚጠብቀው ዊንዶውስ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ ተብለው የተመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ወደ ሳይንስ የሚያመራ ተማሪ ከዚህ ሥርዓት ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

እኛም ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ በሄድንበት ጊዜ፣ የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር በጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ብቻ ሲያሳየን «ተበላሽቷል» ብለን ነበር። አልተበላሸም ነበር፤ ገና ያልተከደነ ቤት ነበር እንጂ። ያንን ለመረዳት ብዙ ሳምንታት ፈጅቶብናል።

ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን በሠላሳ ዓመታችሁ፣ በሰው አገር እንድትማሩት አንሻም። ከመጋዘን አንድ ኮምፒዩተር አስወጡ፤ ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ቤቱን ካቡ፤ ክዳኑንም በእጃችሁ ክደኑ።