ለጌጥ የታሰረ ብሎን

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ የቸርኬ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ቸርኬው ጥቁር ነው፤ ዙሪያውን ብርማ ቀለበት ከቦታል፤ በቀለበቱ ላይ የብሎን ራሶች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። «ለላንድ ክሩዘሬ ላስመጣው ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቀን በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ፣ ማታ የስንኝ ቀለም የምቆጥር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ቀናት አብሮኝ ስለ ሰነበተ፣ ያልሁትንና ሳልለው የቀረሁትን እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ።

የቸርኬው ስም ቢድሎክ ይባላል። ጥቅሙን ለመረዳት አስቀድሞ ጎማ በቸርኬ ላይ በምን እንደሚጸና ማወቅ ያሻል። ብዙዎቻችን ጎማው በጥብቀቱ ብቻ የተያዘ ይመስለናል። የጎማው ጠርዝ ውስጡ የብረት ሽቦ ስላለው በቀላሉ እንደማይለጠጥ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ጠርዙን ከቸርኬው ከንፈር ጋር አጣብቆ የሚያኖረው በዋናነት በውስጡ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲቀንስ ግፊቱም ይላላል። ያን ጊዜ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ወይም ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲላተም ጠርዙ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ታዲያ አየሩን መቀነስ ለምን አስፈለገ? አሸዋና ዐለት ስለሚያስገድዱ ነው። በአስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ አሸዋ ሲገባ እንደ ቢላ ይሰምጣል። ወደ 18 ወይም ወደ 15 ሲወርድ ግን የሚረግጠው ስፍራ ይረዝማል፤ እንደ ግመል ኮቴ ተዘርግቶ በአሸዋው ላይ ይሄዳል። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት በሞአብ ወይም በካሊፎርኒያው የሩቢኮን መንገድ ዐለት ለዐለት የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ጎማው ድንጋዩን እንዲያቅፍ ሲሉ ከ10 በታች ያወርዱታል። ቢድሎክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጎማው የውጭ ጠርዝ በቸርኬውና በአንድ ጠንካራ ቀለበት መካከል ይገባል፤ ቀለበቱም ብዙውን ጊዜ ከ20 በሚበልጡ ብሎኖች ዙሪያውን ይታሰራል። አየሩ ቢያንስም ጠርዙ ከተቆነጠጠበት አይንቀሳቀስም።

የወዳጄን ፎቶግራፍ አጉልቼ ባየሁት ጊዜ ግን የጎማው ጠርዝ በቀለበቱ ሥር አልገባም። እንደማንኛውም ቸርኬ ከከንፈሩ ኋላ ተቀምጧል። ቀለበቱ የታሰረው በቸርኬው ፊት ላይ ነው፤ ብሎኖቹም ቀለበቱን እንጂ ጎማውን አልያዙም። ቢድሎክ መስሎ የተሠራ ጌጥ ነው። እንዲህ ያለው በገበያ ላይ ሞልቷል። ስማቸው የገነነ ፋብሪካዎችም በመካከል ያለ መንገድ ይዘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ፎርድ ብሮንኮ አንዳንዶቹ ለቢድሎክ የተዘጋጀ ቸርኬ ይዘው ሲመጡ፣ በላዩ ያለው ቀለበት ግን ጌጥ ነው፤ እውነተኛውን የፈለገ ለብቻው ገዝቶ ማስገጠም አለበት። ይህን በግልጽ ተናግሮ የሚሸጥን ሰው አልነቅፍም። የምፈራው ገዢው የዘነጋው ቀን ነው። ከሩቅ ብሎን አይቶ «የእኔስ ታስሯል» ብሎ አምኖ፣ ጎማውን ወደ 8 አውርዶ በረሃ የገባ ዕለት ነው።

እንዲህ ያለው ቀን ምን እንደሚመስል በጥቂቱ አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር በሁለት መኪና ወደ ኤርታሌ ወርደን ነበር። ደናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ ስፍራ ያለው ምድር ነው፤ ጥር እንኳ ቢሆን ቀትሩ ያቃጥላል። አሸዋው ሲጀምር አንጋፋው ሾፌራችን ወርዶ የአራቱንም ጎማ አየር በመለኪያ እያየ ቀነሰ። የኋለኛውን መኪና የሚነዳው ወጣት መለኪያ አልነበረውም፤ በዓይኑና በእግሩ እየገፋ ቀነሰ። ብዙም ሳንርቅ፣ ከለስላሳ አሸዋ ለመውጣት መሪውን በኃይል ሲጠመዝዝ የፊት ጎማው ከቸርኬው ወለቀ። ተቀያሪ ጎማ ነበረን፤ ነገር ግን ክሪኩ በአሸዋው እየሰመጠ አስቸገረን። ጣውላ ፈልገን ከሥሩ እስክናነጥፍ፣ መኪናውን አንሥተን እስክንቀይር ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆየን። ከመካከላችን አንዲት እኅት ራሷን አዞራት፤ በመኪናው ጥላ አስተኝተን ውኃ በጨርቅ እየነከርን ግንባሯ ላይ አደረግንላት። ወጣቱ ጎማውን ሲረግም አንጋፋው ሾፌር በቀስታ፣ «ልጄ፣ ጎማው ምን አደረገ? ልኩን ያለፍኸው አንተ ነህ» አለው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲጀምር ደግሞ ያው ሽማግሌ መልሶ አየር ሞላ። የላላ ጎማ ጎኑ ይገለጣል፤ ሹል ድንጋይ ይቆርጠዋል። ከዚህኛው አደጋ ቢድሎክም አያድንም፤ ጠርዙን ይይዛል እንጂ ጎኑን አይሸፍንም።

ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «እንግዲያው እውነተኛ ቢድሎክ ቢኖረው ያ ጎማ ይወልቅ ነበር?» ብሎ ሞገተኝ። ክርክሩ ትክክል ነው፤ በደንብ የታሰረ ቢድሎክ ቢሆን ኖሮ ይጸና ነበር። ነገር ግን እውነተኛው ቢድሎክ ባለቤቱን ሥራ ያበዛበታል። ብሎኖቹ በኃይል መለኪያ ቁልፍ፣ በተራ ሳይሆን ትይዩ ለትይዩ፣ ጥቂት በጥቂት እየተጠበቁ መታሰር አለባቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ፤ ከዚያም በየጊዜው። ቸርኬው ከተራው ይከብዳል፤ ሚዛኑን ማስተካከልም አስቸጋሪ ነው። ብዙ አምራቾች ከመንገድ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ ነው ብለው ይጽፉበታል። እኔ የማውቃቸው ጎሚስታዎች ደግሞ ትጉሃን ቢሆኑም ብሎን የሚያስሩት ቁልፉን በቧንቧ አስረዝመው በክንዳቸው ልክ ነው። እንዲያ የታሰሩ ብሎኖች አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፤ ቀለበቱ እኩል አይዝም። እውነተኛም ሆኖ ያልተጠበቀ ቢድሎክ ከጌጡ ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ አስተያየቴ ይህ ነው። ዐለት መውጣት ልማዱ የሆነ፣ ከ10 በታች ወርዶ የሚነዳ፣ ብሎኖቹንም ራሱ ለመጠበቅ የቆረጠ ሰው እውነተኛውን ይግዛ፤ ገንዘቡ አይባክንም። ዓመቱን በአስፋልት የሚመላለስና አንድ ሁለት ጊዜ በረሃ የሚወርድ ሰው ግን፣ ወዳጄም እንዲሁ ነው፣ ደኅና ተራ ቸርኬ፣ የማይዋሽ የአየር መለኪያ፣ አነስተኛ መንፊያ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላና ወርዶ ለመለካት የሚበቃ ትዕግሥት ይበቁታል። ጌጡን የፈለገም ይግዛው፤ ጌጥ ኃጢአት አይደለም። ጌጥ መሆኑን ግን አይርሳ።

ይህ ነገር በየማታው ሥራዬም ይገጥመኛል። ስንኝ ስቋጥር ቤት የሚመታው ቃል አንዳንድ ጊዜ ሐሳቡን ከነጠርዙ ይቆነጥጠዋል፤ ቃሉን ብታወጣው ሐሳቡ ይፈርሳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቤት ለመምታት ብቻ የመጣ ነው፤ ፊት ላይ ታስሮ ያብረቀርቃል። በደኅና ቀን ሲነበቡ ሁለቱ አይለዩም። የከፋው ሰው ሊደገፍበት ግጥሙን በገለጠ ቀን ግን ይለያሉ። እኔም እንዲህ ያሉ ስንኞች ጽፌ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹን ያጨበጨበልኝ ሰው ስለነበረ ሳልሰርዛቸው ቀርቻለሁ።

ወዳጄ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን እንደገና አውጥቶ ፎቶግራፉን ተመለከተና፣ «ግን አያምርም?» አለኝ።

«ያምራል» አልሁት። እውነትም ያምር ነበር።