ካሜራው በእኛም እጅ ይግባ



እንደሚታወቀው እኛ ቤተ እስራኤል ብዙ ፎቶግራፍ የተነሳን ሕዝብ ነን። በግንቦት 1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ወገናችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲገባ፣ በየግንባሩ ቁጥር የተለጠፈበት ሕዝብ ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያሳየው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታያል። በዚያን ጊዜም ከዚያም ወዲህ ካሜራውን የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ እኛ የምንታይ እንጂ የምናሳይ ሆነን አልቆየንም።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ወፍና ስለ አውሬ ፎቶግራፍ ነው። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

በአፉላ የሚኖር አንድ የማውቀው አባት አለ። ዛሬ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በልጅነቱ ግን በስሜን እረኛ ነበር። የ15 ዓመት ልጁ ከአጎቱ ባገኘው አሮጌ ካሜራ ወፍ ሲያነሳ ይውላል። አንድ ቀን ልጁ «አባባ፣ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር ልገባ ነው» ቢለው፣ አባትየው «ልጄ፣ ባግሩት እየጠበቀህ የወፍ ፎቶ ምን ይሆንልሃል? እኛ ያን ሁሉ መከራ አይተን የመጣነው አንተ ዱር ለዱር እንድትዞር ነው?» ብሎ ተቆጣው።

ይህን አባት አልወቅስም። ወላጅ ሁሉ ለልጁ እንጀራ የሚሆነውን ነገር ይሻል። ነገር ግን ውድድሩ ምን እንደሆነና ለእኛ ምን እንደሚጠቅም ሳናውቅ ልጆቻችንን ባንከለክል መልካም ነው እላለሁ።

በዓለም ከታወቁት ውድድሮች አንዱ በለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የሚያካሂደው ነው። ውድድሩ የተጀመረው በ1965 ሲሆን፣ በ2023 ከ95 አገሮች ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ፎቶግራፍ ገብቶበታል። ከዚህ ሁሉ ለኤግዚቢሽን የሚመረጠው 100 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሽልማቱን ብቻ አስቦ የሚገባ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ያልበለጠ ልጆች ያለ ክፍያ ይወዳደራሉ። ሁለተኛ፣ ዳኞቹ ፎቶግራፉን ሲመዝኑ የአንሺውን ስም አያዩም። የሥራ ማመልከቻ አስገብቶ ስሙ ከእሱ ቀድሞ በር የዘጋበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በዚሁ በ2023 የወጣቶቹን ታላቅ ሽልማት የወሰደው የ17 ዓመት እስራኤላዊ ነው። ያነሳውም አንበሳ ወይም ዝሆን ሳይሆን፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር በተተወ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ጉጉቶችን ነው። ተደብቆ ያነሳበት ቦታ የቤተሰቡ መኪና ነበር። በዚያው ዓመት አሚት ኤሼል የተባለ እስራኤላዊ በጺን ምድረ በዳ ሁለት ያኤሎች በገደል ላይ ሲዋጉ አንስቶ በአንዱ ክፍል አንደኛ ወጥቷል። ያኤል በስሜን ተራሮች ብቻ የሚገኘው የዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የ2019 ውጤት ነው። በዚያ ዓመት ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ክፍል ያሸነፈው አንድ ጣሊያናዊ ወጣት ሲሆን፣ ያነሳው ጭላዳ፣ ቦታውም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወጣቱ ከአባቱ ጋር እዚያ ሄዶ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ አንዲት ጭላዳ የሳምንት ልጇን በሆዷ አንጠልጥላ ብቅ አለች። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል አድሮ ሲነጋ ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳ ይወጣል። በየት በኩል ብቅ እንደሚል ገምቶ ወጣቱን እዚያ ያደረሰው መንገድ መሪው ነበር።

ወጣቱ የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ተገቢ ነው። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ከአባቶቻችን መካከል ገብሱን ከጭላዳ ሲጠብቅ ያደገው ስንቱ ነው! በየትኛው ገደል እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ብዙዎቹ ልጆቻችን ግን ስሙን እንኳ አልሰሙም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ወደ አፉላው አባት ልመለስ። ልጁ መንጃ ፈቃድ የለውምና አባት እያጉረመረመም ቢሆን በመጋቢት ወር አንድ ቀን ማለዳ በቤት ሽአን ሸለቆ ወዳሉት የዓሣ ኩሬዎች ወሰደው። ከአፍሪካ የሚመለሱ ሽመሎች ሜዳውን ሞልተውት አገኙ። ልጁ ሲበሩ ሊያነሳቸው ቸኩሎ ሊጠጋ ሲል አባቱ እጁን ያዘው። «ተው፣ አትቅረብ። ሽመላ በጠዋት አትነሳም፤ ፀሐይ መሬቱን እስኪያሞቀው ትጠብቃለች። አንተም ጠብቅ» አለው። ረፋዱ ላይ እንዳለው ሆነ። መንጋው ተነሥቶ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ወደ ሰማይ ወጣ።

ልጁ ምክንያቱን በኋላ በዕብራይስጥ መጽሐፍ አነበበ። ሽመላ ሩቅ የምትጓዘው ከመሬት በሚነሳው የሞቀ አየር ላይ ተንሳፋ ነው። በባሕር ላይ ይህን የመሰለ አየር ስለማታገኝ፣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ስትሄድም ሆነ ስትመለስ ባሕሩን ዞራ በእስራኤል በኩል ታልፋለች። ከዚህም በሲና አድርጋ፣ ዓባይን ተከትላ ወደ ሱዳንና ከዚያ ወዲያ ትሄዳለች። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሽመላ በዚህ መንገድ ይመላለሳል። በሱዳን በኩል በእግሩ ለመጣ ወገናችን ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። በጎንደር መንደሮች ሽመላ ስታልፍ ልጆች የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቋት እንደነበርም ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ያቺው ሽመላ ዛሬ ከአፉላ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ቆማለች፤ የልጅ ልጆቻችን ግን ሳያውቋት በአውቶቡስ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ በባንክ ቢሉ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት ስብሰባም ሳይቀር፣ ልጅ የአባቱ አስተርጓሚ ሆኗል። አባት በልጁ አፍ ሲናገር፣ ልጅ አባቱን ምንም እንደማያውቅ ሰው ማየት ጀመረ። በዚያ ጠዋት ግን አባት አስተማሪ፣ ልጅ ተማሪ ሆኑ። ይህን ማንም የመንግሥት ፕሮግራም አይሰጠንም።

ልጁ ፎቶግራፉን ወደ ለንደን ላከ፤ አልተመረጠም። አባቱ ግን በትልቁ አሳትሞ ሳሎን ውስጥ ሰቅሎታል። እንግዳ ሲጠይቀው «ልጄ አነሳው» አይልም፤ «አነሳነው» ይላል።

ለልጆቻችን አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባው ደግሞ ሐቀኝነትን ነው። በ2009 ተኩላ የአጥር በር ሲዘል የሚያሳይ ፎቶግራፍ ዋናውን ሽልማት አግኝቶ፣ ዳኞቹ ተኩላው ሰው ያላመደው ሳይሆን አይቀርም ብለው በ2010 ሽልማቱን ሰርዘዋል። በ2018ም እንዲሁ፣ በፎቶው ላይ ያለው እንስሳ በሕይወት ያለ ሳይሆን ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነው ተብሎ የቀደመው ዓመት አንድ አሸናፊ ተሰርዟል። ስለዚህ አውሬን በምግብ ማታለል፣ ጎጆ መነካካት፣ በጥብቅ ቦታ ከተፈቀደው መንገድ መውጣት ነውር መሆኑን ይወቁ።

«የካሜራው ዋጋስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ከሩቅ የሚያነሳ ሌንስ ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በየከተማው ያሉ ማትናሶች ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች እስክስታና እግር ኳስ ይበቃቸዋል ብለው አያስቡ። ሁለት ሦስት ካሜራ ገዝተው በውሰት ይስጡ፤ ሽማግሌዎቻችንንም በእንግድነት ሳይሆን በአስተማሪነት ይጋብዙ። እኛም እስኪሰጠን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ እቁብ መጣል የምናውቅ ሕዝብ አይደለንምን?

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ወፍ ላንሳ ሲል ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ። የምታውቁትን ንገሩት። ተምሮ ባግሩቱን ያምጣ፤ የአባቱንም እውቀት ይያዝ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብዙ ጊዜ ሌሎች አንስተውናል። አሁን ደግሞ እኛ ያየነውን እናሳይ።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ያሰማን።