ክረምታቸውን በጋጣ ስለሚያሳልፉ ጓደኞቻችን
(ከአንድ የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ)

በየዓመቱ የማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ክረምት ዕረፍት መነጋገር የተለመደ ነው። «ክረምት» የምንለው ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ልማድ ነው እንጂ፣ እዚህ ግብፅ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ወራት ናቸው። የሚነሡት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ያው ናቸው። ወደ አገር የሚሄደው ማነው? የሚቀረውስ ጊዜውን በምን ያሳልፈዋል? ተራው የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ሲደርስ ግን አንዱ ከኋላ ሆኖ «እነሱማ ከዘመዶቻቸው ጋር ይከርማሉ» ይላል። ይሳቃል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳም ይታለፋል።

እኔ የማነሣው ይኸንኑ በሳቅ የሚታለፈውን ጉዳይ ነው። አሳቤ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ለእንስሳት ሕክምና ተማሪ ክረምት ከዓመቱ ሁሉ ከባዱና አደገኛው የትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ወደ ክረምት ሥልጠና የሚወጡ አባሎቹ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድመው እንዲያገኙ ማድረግ አለበት።

በመጀመሪያ ቀናቸው ምን እንደሚመስል እንመልከት። እኔ ለሦስት ዓመት አንድ መኝታ ክፍል የምጋራው ጓደኛዬ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስለሆነ የምናገረው በዓይኔ ካየሁት ነው። እኛ ፈተና ጨርሰን እስከ ረፋድ ስንተኛ፣ እሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ የላስቲክ ቦቲውንና ነጭ ካፖርቱን በፌስታል ይዞ ወደ ቄራ ለመድረስ ሚኒባስ ይጠብቃል። ቄራ ውስጥ ከሥጋ መርማሪው ኋላ ኋላ እየሄደ ሳንባውን ይዳስሳል፤ ዕጢዎቹን እየሰነጠቀ የነቀርሳ ምልክት ይፈልጋል፤ ጉበቱን ከፍቶ ትል መኖር አለመኖሩን ያያል። የከብቱን ጉንጭ፣ ምላስና ልብ በቢላዋ የሚቆርጠው ደግሞ የኮሶ ትል እንጭጭ እንዳለበት ለማወቅ ነው። ቁርጥና ክትፎ ወዳዶች የሆንን ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥራ ላይ መሳቅ የሚያምርብን አይመስለኝም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ እየጠጡ ያስወጡት የነበረው ትል መነሻው እዚያው የከብቱ ሥጋ ውስጥ ነው። እኛ የሕክምና ተማሪዎች በሽተኛው ትሉን ካየ በኋላ ክኒን እናዛለን። እነሱ ግን ሥጋው ገበያ ሳይወጣ ይይዙታል።

ከቄራ ሲመለስ ፉልና ዳቦ ቀምሶ ወደ ገጠር ይወጣል። የዐባይ ደልታ ገበሬ ዋና ሀብቱ ጋሙስ የሚሉት የቤት ጎሽ ነው። ይህ እንስሳ ቆዳው ጥቁር፣ ላቡም ጥቂት ስለሆነ ሙቀት አይችልም፤ ቦይ ውስጥ ገብቶ ካልተነከረ ወተቱ ይቀንሳል። ተማሪው እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ለማወቅ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አጥልቆ ክንዱን ያስገባል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዝንብ መካከል፣ ጭራ ፊቱን እየገረፈው በጣቱ ጫፍ ብቻ ማኅፀን ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። ጡቷ ያበጠ ካለች ወተቷን አልቦ ይመረምራል፤ ያስወረደች ካለች የወረደውን ሽልና እንግዴ ልጅ ያነሣል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው። በሽታው ወራት የሚቆይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ለሰው የሚሆን ክትባትም የለውም፤ መከላከያው ጓንትና ጥንቃቄ ብቻ ነው።

በሌሎች ቀናት ደግሞ ከካይሮ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቢርቃሽ የግመል ገበያ ይሄዳሉ። ወይም እንደ ብሩክ ባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ካይሮ ላይ ለደከሙ ፈረሶችና አህዮች ተብሎ በተመሠረተ የእንስሳት ሆስፒታል ዓይነት ቦታ ጀርባው የተላጠ የጋሪ ፈረስ ሲታከም ለማየት ይሰለፋሉ። ከሰዓት በኋላ በከተማ ክሊኒክ ውሻና ድመት ይዘው ይውላሉ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲመለሱ የዕለቱን ሥራ በመዝገብ ጽፈው ማስፈረም ይቀራቸዋል። ያን ጊዜ እኛ ደግሞ «ሽታህ!» ብለን በር እንከፍታለን፤ ሎሚ እንወረውርላቸዋለን።

እህቶቻችን በዚህ ላይ ሌላ ሸክም አለባቸው። አንዳንድ ባለ ከብት ገና ከበር ሲያያቸው «ወንድ የለም እንዴ?» ይላል። ጥጃውን ስበው ካዋለዱ በኋላ ግን ያው ሰው «ያ ዶክቶራ» እያለ ሻይ ያቀርባል። ይህን ክብር ከማያውቁት ገበሬ ያገኙ እህቶች ከገዛ ወገኖቻቸው ቀልድ ሲጠብቃቸው ያሳዝናል።

የቤተሰብም ነገር አለ። የእኔ እናት ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው «ዶክተሩ ልጄ» ማለት የጀመረችው። የጓደኛዬ የአዲስ አበባ ዘመዶች ግን «ይህን ያህል ባሕር ተሻግረህ ለላም?» ይሉታል። ገበሬው አጎቱ ብቻ ስልክ በደወለ ቁጥር ስለ በሬ ይጠይቀዋል። ሰውየው ነገሩ ገብቶታል። አንድ በሬው የሞተበት ገበሬ መቀናጆ ፈልጎ ማረስ ይኖርበታል፤ ሁለቱም የሞቱበት ደግሞ መሬት እያለው ይራባል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው ክፉ ቀን የመጣው እንዲህ ነበር። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ከሞላ ጎደል ፈጀው፤ በሬ የሚያርስበት ያጣ ሕዝብም በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ላይ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ያጠፉትም የእንስሳት ሐኪሞችና ክትባት ተሸክመው እስከ በረሃ ድረስ የተጓዙ ባልደረቦቻቸው ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሕክምና ተማሪን ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በሰው ላይ ከሚታወቁት ተላላፊ በሽታዎች 60 በመቶ ያህሉ ከእንስሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። እዚሁ ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1977 ሪፍት ቫሊ የተባለው ትኩሳት ከከብትና ከበግ ወደ ሰው ተዛምቶ በመንግሥት ቁጥር ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። በ2006 የወፍ ጉንፋን ከዶሮ መጣ። በ2012 ሜርስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ቫይረስ ጅዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ግብፃዊው ሐኪም ዓሊ ሞሐመድ ዘኪ ሲሆን፣ ኋላ ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው ግመል ላይ ነው። በዚህ አገር የዘመናዊ ሕክምና ታሪክም ሁለቱ ሙያዎች ጎረቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1827 አቡ ዘዕበል ላይ የሰው ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ረሺድ ላይ የተጀመረው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው ተዛወረ። ዛሬ ግን እኛና እነሱ የምንገናኘው በካፊቴሪያ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ወደ ሆስፒታል ክፍል ከመግባታችን በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስደናል። ማንም ቅንጦት ነው አላለንም። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ግን ማንነቱ ያልታወቀ የጎዳና ውሻ አፍ በባዶ እጁ እንዲከፍት ሲታዘዝ ያለው መከላከያ ጸሎት ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዱ በሚሠለጥንበት አንድ የግል ክሊኒክ ውሻ ነክሶት አመለጠ። ውሻው ስላልተያዘ አሥር ቀን አቆይቶ ማየት አልተቻለም። ልጁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ካጠበ በኋላ ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን ፍለጋ አንድ ቀን ሙሉ ሲንከራተት ዋለ። ክሊኒኩ ታክሲ እንኳ አልጠራለትም። ወጪውን የሸፈነው ከስምንት ጓደኞቹ በተበደረው ገንዘብ ነው። ዛሬ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ጭንቀት የሚቀልበት መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት በአንድ ሳምንት ልዩነት የሚወሰድ ሁለት መርፌ ነው። ይህን የወሰደ ሰው ኋላ ቢነከስ ቁስሉን አጥቦ ጥቂት ማጠናከሪያ መርፌ ይወስዳል እንጂ ውዱንና በቀላሉ የማይገኘውን ኢሚውኖግሎቡሊን ፍለጋ አይንከራተትም።

«ይህ የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው፤ የማኅበሩ አይደለም» የሚል አስተያየት እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ማመልከቻ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ ድረስ ሥልጠናው ይጀመራል፤ ውሻውም መልሱን አይጠብቅም። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚለውም፣ ለዓመቱ መዝጊያ ግብዣ በየዓመቱ መዋጮ ስንሰበስብ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ወደ ሥልጠና የሚወጡት አባሎቻችን ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የማኅበሩ የጤና ክፍል ለክረምት ሥልጠና የሚወጡትን ስም ዝርዝር ከፈተና በፊት ይዞ፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንዲከተቡ ያድርግ። አቅም ላነሰው ወጪው ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈን።

ሁለተኛ፤ የሕክምና ፋኩልቲ አባሎች ተራ ገብተን፣ ማንኛውም ሠልጣኝ ቢነከስ ወይም መርፌ ቢወጋው በማናቸውም ሰዓት ደውሎ የሚያገኘው ሰው ይኑር። ያን ቀን ልጁ ለብቻው መንከራተት አልነበረበትም።

ሦስተኛ፤ ጥቅምት ላይ ስንሰበሰብ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች በክረምቱ ያዩትን በአንድ ምሽት ይንገሩን። ተናጋሪዎቹ እነሱ፣ አድማጮቹ እኛ እንሁን።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፈተናው ሊጀመር የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው፤ ስም ዝርዝሩ ደግሞ ከአንድ ገጽ አያልፍም።