«ጆሮህ አልተገራም» ለሚሉን

በየቴሌግራም ግሩፑ በየሳምንቱ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች። «90 ሺህ ብር ለሄድፎን ማውጣት ያዋጣል ወይ?» ቀና ጥያቄ ነች። ገንዘቡ የጠያቂው ነው፤ ከማውጣቱ በፊት መጠየቁም የብልህ ሥራ ነው። ከሥሯ ግን ሃያ ሠላሳ ሰው ይግተለተላል። «አንዴ ከሰማህ ወደ ድሮው መመለስ የለም።» «ርካሽ የሚገዛ ሁለቴ ይገዛል።» ልጁ ትንሽ ልከራከር ካለ ደግሞ የመጨረሻዋ ዱላ ትመዘዛለች፤ «ወንድሜ፣ ጆሮህ ገና አልተገራም።»

ልብ በሉ፤ ልጁ የጠየቀው ስለ ዕቃው ነበር። የተመለሰለት ግን ስለ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሄድፎን አይደለም፤ ከጨዋታው ውጪ ላለመሆን መግቢያ ትኬት ነው።

እኔ መልሴን ሳላድበሰብስ ልናገር፦ አያዋጣም። ለአብዛኞቻችን፣ በምንሰማው ሙዚቃ፣ በምንሰማበት ቦታ፣ አያዋጣም። የሚያዋጣቸው ሰዎች አሉ፤ እመለስባቸዋለሁ። ቀሪዎቻችን ግን ገንዘባችንን የምናወጣው ድምፁ በተበላሸበት ቦታ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። አፕል ኤርፖድስ ማክስን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሲያወጣ ዋጋው 549 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ 549 ዶላር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በላዩ ላይ የአምጪው፣ የሻጩ፣ የሱቅ ኪራዩ ይጨመራል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ 90 ሺህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ባልተገራው ጆሮዬ። ይህ የአንድ ጀማሪ መምህር የመንፈቅ ደሞዝ ተቆጥሮ አይደርስበትም። ይህን ያህል የሚጠይቅ ዕቃ ደግሞ ራሱ ማስረዳት አለበት እንጂ ገዢው ጆሮውን ሊመረመር አይገባም።

እሺ፣ ዋጋና ድምፅ አብረው ይሄዳሉ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሮን ብሪባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ሄድፎኖችን ለክቶ ውጤቱን በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አውጥቶ ነበር። የለካው እያንዳንዱ ሄድፎን ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ ነው፤ ሄድፎንን ከሄድፎን በዋናነት የሚለየው ይኸው ነው። በዚህና በመሸጫ ዋጋው መካከል ዝምድና አላገኘም። ውድ ሆኖ የተዛባ አለ፤ ርካሽ ሆኖ የተስተካከለ አለ። ሄድፎን ማለት ይህ ልኬት ብቻ ነው አልልም። ምቾት አለ፣ የመሣሪያዎቹ አቀማመጥ ግራና ቀኝ ፊትና ኋላ ተለይቶ መሰማቱ አለ፣ የአሠራሩ ጥንካሬ አለ። ግን «ውድ ስለሆነ ድምፁ ጥሩ ነው» የሚለው አባባል የሚቆምበት እግር የለውም።

የተገራ ጆሮ ነገርም ተጠንቷል። ሾን ኦሊቭ የተባለ ሰው በሃርማን ኩባንያ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ሰዎችን የትኛው ሄድፎን እንደሆነ ሳያሳውቅ እያሰማ ሲያስመርጥ ኖሯል። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከጀርመንና ከቻይና የመጡ፣ ልምድ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ገብተውበታል። በዕድሜና በልምድ ጥቃቅን ልዩነት ቢታይም፣ አብዛኛው ሰው የወደደው ተቀራራቢ ድምፅ ነው። ጥሩ ድምፅን ጥሩ ነው ለማለት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም ማለት ነው። የሚያስፈልገው የምርት ስሙን አለማየት ነው። በሱቅ ውስጥ «እስቲ ይሄንን ስማው» ሲሏችሁ ደግሞ ድምፁን እኩል አድርጉት በሏቸው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሻጮች ይህንን ከማንም በፊት ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኛ የምንሰማው ምንድን ነው?

የብዙዎቻችን የሙዚቃ ሀብት የተቀዳው በሸክላና በካሴት ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጀመረው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች እስከ ደርግ ዘመን ካሴቶች ድረስ ያለው ማለቴ ነው። እነዚያ ሥራዎች ወደ እኛ ስልክ የደረሱበትን መንገድ አስቡት። አንድ ካሴት ከሌላ ካሴት ተቀዳ፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ሰጠ። ሦስተኛውን አንድ ሰው እድሜ በጠገበ ቴፕ አጫውቶ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። ኮምፒውተሩ ኤምፒስሪ አደረገው። ዩቲዩብ ላይ ሲጫን እንደገና ታመቀ። ከዩቲዩብ አንዱ አውርዶ እንደገና ኤምፒስሪ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። እኛ ደግሞ በብሉቱዝ ሰማነው፤ ብሉቱዝም በበኩሉ ያምቀዋል።

በእያንዳንዱ እርከን የሚወድቅ ነገር አለ። ተራ ካሴት ገና ከመነሻው ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጣል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ የሚይዝ ኤምፒስሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይጥለዋል፤ ሲዲ ግን እስከ 22 ኪሎኸርዝ ድረስ ይይዛል። የባሰው ደግሞ የሲምባሉ ጥራት ሲጠፋና የሴት ድምፅ ጠርዝ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሲንቦጫረቅ ነው። ፍጥነቱ በተዛባ ቴፕ የተቀዳ ዘፈን ደግሞ ቅኝቱ ራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ አንዱን ዘፈን ከሁለት ቻናል አውርዳችሁ ብታወዳድሩ ዘፋኙ በአንዱ ጎረምሳ በሌላው ሽማግሌ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዴ የተጣለ ድምፅ ደግሞ አይመለስም። በ90 ሺህ ብር ሄድፎን ስትሰሙት የጎደለው አይሞላም፤ የጎደለው ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ሽሽታው በክብር ይቀርብላችኋል።

በገናን እንውሰድ። በየአውታሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ያ የታወቀ ንዝረት ይወጣዋል፤ የበገና ነፍሱ እሱ ነው። ያ ንዝረት በደንብ በተቀዳ ሥራ ላይ በመቶ ዶላር ሄድፎን ጥርት ብሎ ይሰማል። በተደጋጋሚ በታመቀ ቅጂ ላይ ግን የሬዲዮ ጣቢያ የጠፋበት ድምፅ ይመስላል፤ በማንም ሄድፎን። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ባወጣቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ያለውን የማሕሙድ አሕመድን ድምፅ ከቴሌግራም ካወረዳችሁት ጋር በአንድ ርካሽ ኢርፎን አወዳድሩት። ልዩነቱ ጆሮዬ ተገርቷል አልተገራም ሳያስብል ይሰማችኋል።

የሚገርመው፣ ሻጮቹም ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ግራ ይገባሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ምንም ሳይጣል የሚሰማ ሙዚቃ በአገልግሎቱ ላይ ሲያቀርብ፣ ከስድስት ወር በፊት 549 ዶላር የሸጠው ኤርፖድስ ማክስ ያንን ሙዚቃ እንዳለ ሊያሰማ አልቻለም፤ በሽቦ ተሰክቶ እንኳ። ለአዲሱ የዩኤስቢ-ሲ ሞዴል ይህ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ2025 በሶፍትዌር ማሻሻያ ነው፤ እሱም በሽቦ ሲሰካ ብቻ።

ስለ ቦታው ደግሞ እናውራ። የእውነት ከፍተኛ የሚባሉት ሄድፎኖች ብዙዎቹ ጀርባቸው ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት የዜንሃይዘር ኤችዲ 800 አንዱ ነው። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ የውጭውም ድምፅ እንዳለ ይገባል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። ጸጥ ያለ ክፍል! ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከላይ ወንበር እየተጎተተ፣ ከታች ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ሌሊት ውሻው፣ ንጋት ላይ ድምፅ ማጉያው። በዚያ ላይ ማጉያ ይፈልጋል፤ ማጉያው መብራት ይፈልጋል።

ድምፅ የሚሰርዙት የብሉቱዝ ሄድፎኖች ለዚህ መፍትሔ ናቸው ይባላል፤ እውነትም አለው። የሞተርንና የጄኔሬተርን የማያቋርጥ ጉምጉምታ በደንብ ይቀንሳሉ። የሰው ጩኸት ላይ ግን ደካማ ናቸው፤ ወያላው አሁንም ይሰማችኋል። ይህ ክፍል የቀልድ አይደለም፤ ጫጫታ ውስጥ የሚሰማ ሰው ድምፁን እየጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚሰማ ልጅ በርካሽም ሰማ በውድ የሚከፍለው ከጆሮው ነው። ግን ይህንንም ቢሆን ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚዘጋ፣ ልኩ የሆነ ጎማ ያለው የሽቦ ኢርፎን በትንሽ ዋጋ ያግዘዋል። ሙንድሮፕ ቹ የሚባለው የቻይና ኢርፎን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 20 ዶላር ገደማ ነበር። መንገድ ዳር ከሚሸጠው ወደ እንዲህ ዓይነቱ መሻገር ትልቅ ዝላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እየጠበበ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን እየሰፋ።

«ውድ ዕቃ ይከርማል» የሚሉም አሉ። የሽቦው አዎ፤ ስፖንጁ ይቀየራል፣ ገመዱ ይቀየራል፣ ሃያ ዓመት ያገለግላል። የብሉቱዙ ግን ውስጡ ባትሪ አለ፤ ባትሪ ደግሞ ዋጋ አያውቅም፤ በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ያኔ ዋስትና የሚሰጥ ኦፊሴላዊ አከፋፋይ ፈልጉ። የኮፒውን ጉዳይ ብዙ አልልም፤ «ኦሪጅናል»፣ «ማስተር ኮፒ»፣ «ከዱባይ በሰው የመጣ» የሚባሉት ሦስቱ ከአንድ ካርቶን ሲወጡ ያየ ያውቃል። ከፍ ያለ ዋጋ ማለት ለአጭበርባሪ ከፍ ያለ ትርፍ ማለት ነው።

ማን ይግዛ? ድምፅ አቀናብሮ እንጀራ የሚበላ ሰው ይግዛ። ግን እሱም 90 ሺህ አያስፈልገውም፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ኤምዲአር-7506 እስከ ዛሬ በዓለም ስቱዲዮዎች ውስጥ ይሠራል፣ ዋጋውም መቶ ዶላር አካባቢ ነው። እኔ ቃለ ምልልስ እየገለበጥኩ ነው የምኖረው፤ የተናጋሪውን ቃል ያሰማኝ ማይክሮፎኑ ለአፉ መቅረቡ ነው እንጂ የጆሮዬ ጌጥ አይደለም። በየቀኑ ረጅም ሰዓት አውሮፕላን ላይ ወይም ማሽን አጠገብ የሚውል ሰው ድምፅ ሰራዡን ይግዛ። ገንዘብ የተረፈውም ይግዛ፤ ሰው በብሩ ቢደሰት ማን ምን አገባው? የኔ ጠብ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ዕቁቡን ከበላበት ልጅ አጠገብ ቆሞ «ሙዚቃ ሰምተህ አታውቅም» ከሚለው ጋር ነው።

ምክንያቱም ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። በስንቱ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተቀምጧል፤ የታተመው ኦሪጅናል ካሴት፣ የአያት ቀረርቶ፣ የሰርግ ዘፈን፣ ሌላ ቦታ የሌለ የእንጉርጉሮ ቅጂ። ማግኔቱ በየዓመቱ እየደከመ ነው። ደህና የካሴት ማጫወቻና ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ዕቃ ከዚያ ሄድፎን ዋጋ እጅግ ባነሰ ይገኛሉ፤ ሦስት አራት ጓደኛሞች ቢያዋጡ ለሰፈሩ ይበቃል። አዳዲሶቹንም ቢሆን ከቴሌግራም ከምታወርዱ ዘፋኙ ራሱ በሚሸጥበት ቦታ ግዙ፤ ጥራቱም ከዚያ ይሻላል፣ ድርሻውም ይደርሰዋል።

ካሴት ያላችሁ፦ ዝም ብላችሁ አታጫውቱት። መጀመሪያ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የተጣበቀ ከሆነ አታስገድዱት። የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ስትቀዱም ሳይታመቅ፣ ቢያንስ በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅዱት፤ ኤምፒስሪ ማድረጉ በኋላ ይደርሳል።